ከሆሳዕና እስከ ጰራቅሊጦስ፦ ስለ አጥቢያችን የጸደይ አገልግሎት

በቤተ ክርስቲያናችን የወቅቶች አከፋፈል ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን በሚወጣበት በባሕረ ሐሳብ ስሌት የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም፤ ጰራቅሊጦስም እጅግ ቢዘገይ ሰኔ 19 ይውላል። በዚህ ምክንያት ትንሣኤና ከእርሱ ቀጥለው የሚመጡት ሃምሳ ቀናት፣ ዓመት በዓመት ቢዘዋወሩም፣ ከጸደይ አይወጡም። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በእንጦጦ ግርጌ በምትገኘው አጥቢያችን የዓመቱ ከባድ ሥራ የሚበዛውም በእነዚሁ ወራት ነው። ሥራውን የሚሠሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ስማቸውም በዐውደ ምሕረት እምብዛም የማይጠራ ምእመናን ናቸው። ስለ እነርሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ሳልጽፍ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የምጽፈው አንድ ነገር እጅግ ስለሚያሳስበኝ ነው።

በሰሙነ ሕማማት ግቢያችን ሕዝቡን አይችለውም፤ በዕለተ ስቅለት የሚሰግደው ምእመን ከቅጽሩ አልፎ መንገዱን ይሞላል። አገልጋይ የሚሆንም አይጠፋም፤ ወጣቱ ያለማንም ቀስቃሽ ይመጣል፣ እናቶችም ሳይጠሩ ወጥ ቤት ይገባሉ። ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ግን ሕዝቡም አገልጋዩም አብሮ ይሳሳል። የአጥቢያው ሥራ ደግሞ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይበዛል እንጂ አይቀንስም፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሁሉ በሃምሳው ቀን ውስጥ ነው የሚወድቀው። አጥቢያን አጥቢያ የሚያሰኘው በስቅለት ዕለት የሚቆመው ሕዝብ ብዛት ሳይሆን በግንቦት አጋማሽ፣ በተራ ቅዳሜ፣ አካፋ ይዞ የሚገኘው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለውም የስቅለቱን ሕዝብ ለማቃለል አይደለም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላንሣው። ዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው፤ ከዘወረደ ጀምሮ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ እያለ ሆሳዕና ላይ ይደርሳል። በእኛ አጥቢያ የጽዳቱ ሥራ የሚጀመረው በገብር ኄር ሳምንት ነው። የዕለቱ ወንጌል መክሊቱን አትርፎ ስለ ተመሰገነው በጎ አገልጋይ የሚናገር በመሆኑ ሰባኪው ትምህርቱን ሲጨርስ የአገልጋዮች ምዝገባ በዚያው ይታወጃል፤ ይህን ልማድ ማን እንደ ጀመረው ባላውቅም ከዚህ የተሻለ ቀን ይመረጣል ብዬ አላስብም። በቀጣዩ ቅዳሜ የቅኔ ማኅሌቱና የቅድስቱ ምንጣፎች ወጥተው ይራገፋሉ፣ ይታጠባሉ፤ የጧፍ ቅባት የጠጣው ወለል ይፈገፈጋል፤ ወንዶች ልጆች መሰላል ይዘው የመስኮቱን አቧራ ያወርዳሉ። በበልጉ ካፊያ የበቀለው ሣር ይታጨዳል። ወደ መቅደሱ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ስለሆኑ የውስጡን ጽዳት እነርሱ ያከናውናሉ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ግን የምእመናን ድርሻ ነው።

የሆሳዕና ዘንባባ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ለበረከት በእጃችን የምንይዘው፣ ልጆች እንደ ቀለበት ጣታቸው ላይ የሚያስሩት፣ በመስቀል ቅርጽ ተጠልፎ ግንባር ላይ የሚታሰረው ቅጠል ቀደም ብሎ ከገበያ ተገዝቶ፣ ከጭነት ወርዶ፣ ተሰንጥቆ፣ እንዳይደርቅ ውኃ ተርከፍክፎበት የሚያድር ነው። ቅዳሜ ማታ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሕፃናቱ ከታላላቆቻቸው ጋር ተቀምጠው ቀለበትና መስቀል ሲሠሩ ያያቸው ሰው የአጥቢያው ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ እንደማይሰጥ ይረዳል። አሠራሩን የሚያሳያቸው ከእነርሱ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነው፤ እርሱንም ያሳየው ሌላ ልጅ ነበር።

በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴው በኋላ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል፤ ምክንያቱም በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይፈጸም በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሰዎች ቀድሞ የሚጸለይ ነው። በዚህ ሳምንት ክርስትና አይነሣም፣ መስቀል አይሳለሙም፣ ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥም የለም። ሥርዓቱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን በዚህ ሳምንት ሐዘን የገባበት ቤት ምን ያህል እንደሚከብደው አናስብም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ቤተሰቡን በቃልና በመስቀል የሚያጽናኑበት ሥርዓት አለ። በሕማማት ይህ ሲጎድል የሰው መገኘት ይበልጥ ያስፈልጋል። አጥቢያችን ለዚህ ተብለው የተመደቡ ጎልማሶች አሉት፤ ከዕድሩ ጋር ተነጋግረው መቃብር ያስቆፍራሉ፣ ድንኳን ያስተክላሉ፣ ሐዘንተኛውንም ብቻውን አይተዉትም። የሰሙነ ሕማማትን አገልግሎት ስናነሣ ይህን አገልግሎት የሚያስታውስ ሰው ስለማላገኝ በዚህ ጽሑፍ ቀዳሚ ቦታ እንዲኖረው ፈለግሁ።

ጸሎተ ሐሙስ የወጥ ቤቱ ቀን ነው። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ለማስታወስ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ ከዚያ ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ከቅዳሴው በኋላም ጉልባን ይበላል። ጉልባኑ ከተፈተገ ስንዴና ከባቄላ ክክ የሚዘጋጅ ሲሆን እህሉ ከዋዜማው መዘፍዘፍ አለበት፤ ለመላው ሕዝብ የሚበቃ ጉልባን ማብሰል ደግሞ ማገዶውን፣ ውኃውንና ትልልቆቹን ብረት ድስቶች ከማክሰኞ ጀምሮ ማሰናዳትን ይጠይቃል። ይህን የሚመሩት በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። ጨዉ ስንት እንደሚሆን፣ ስንዴው መቼ እንደሚገባ፣ ባቄላው እንዳይፈርስ እሳቱ መቼ እንደሚቀነስ በየትም አልተጻፈም። ሙሉ ቀን ከጢስ ጋር ውለው፣ ስግደቱንም ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ሆነው እየሰገዱ፣ ሕዝቡ በልቶ ሲጨርስ ድስቱን የሚያጥቡትም እነርሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እወዳለሁ። በከተማችን አጥቢያዎች የወጣቱ አገልግሎት በሚታየው ሥራ ላይ እጅግ አድጓል። በጥምቀት በታቦታቱ ፊት ምንጣፍ እያነጠፉና እያነሡ የሚሮጡትን፣ መንገዱን የሚጠርጉትንና ሕዝቡን የሚያስተናግዱትን ወጣቶች ሁሉም ያደንቃቸዋል፤ አድናቆቱም ይገባቸዋል። የማይታየው ሥራ ግን ለእናቶች ብቻ ተትቶ ኖሯል። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ድስት ማጠብ፣ አዳራሹን መወልወል የጉልበት ሥራ ነው፤ ጉልበቱ ያለው ደግሞ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት እንጂ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት አይደሉም። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ይህን ተረድቶ የማጠቡንና የውኃውን ሥራ በወንዶች ተራ ላይ አስገብቶታል። መጀመሪያ ላይ እናቶቹ ራሳቸው አይሆንም ብለው ነበር፤ ልጆቹ ደረቅ ቅጽርና ንጹሕ ድስት ሲያስረክቧቸው ግን ተረከቡ። ሐሙስ እግር ሲታጠብ ቆሞ ያየ ወጣት ወጥ ቤት ገብቶ ድስት ማጠቡ ተገቢ ይመስለኛል፤ ሌሎች አጥቢያዎችም ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ዕለተ ስቅለት ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ እስከ ማምሻ ሳይበላና ሳይጠጣ ይሰግዳል፤ ቀኑ ሚያዝያ ውስጥ ሲውል የቀትሩ ፀሐይ ይበረታል። ስለዚህ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች የሚቀመጡበት ድንኳን በምሥራቁ በኩል ይተከላል፤ የጤና ባለሙያ የሆኑ ምእመናን ራሱን ለሚስት ሰው ተዘጋጅተው ይቆማሉ፤ ከወላጁ የተለየ ሕፃን የሚወሰድበት ቦታ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ወንዶችና ሴቶች የሚገቡባቸው በሮች ይለያሉ። ካህናቱ በመጨረሻ ሕዝቡን በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ተጨማሪ ስግደት ሲያዝዙ ሁሉም ወደ ፊት ስለሚገፋ ሥርዓት አስከባሪዎቹ ያን ጊዜ ነው ሥራቸው የሚፈተነው። መጮኽና መገፍተር አያስፈልግም፤ ከእኛ አጥቢያ ወጣቶች የተማርኩት ረድፉን ቀድሞ በገመድ ማበጀት የክርክሩን ግማሽ እንደሚያስቀር ነው። ቀዳም ስዑር ማለዳ ደግሞ ቄጠማው ይታደላል፤ ይህም ከሌሊቱ ጀምሮ የሚያስቆም ሥራ ነው፤ ካህናቱ የትንሣኤውን ብሥራት እያሰሙ ለየምእመኑ ቤት ሲያድሉ እሽጉን ተሸክመው የሚከተሏቸው ልጆች ናቸው።

ስለ ትንሣኤ ሌሊት ብዙ አልልም፤ የነበረበት ያውቀዋልና። ስለ ማግሥቱ ግን ልናገር። ሕዝቡ በሌሊት ወደየቤቱ ሄዶ ጾሙን ሲፈታ ቤት የሌለው ሰው በቅጽሩ በር ላይ እንደ ተቀመጠ ያነጋል። በአጥቢያችን በትንሣኤ ቀን ምሳ የነዳያን ግብዣ አለ። ዶሮው፣ የበሬው ሥጋ፣ ዕንቁላሉና ድፎ ዳቦው በምእመናን ቤት ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ወጥ፣ አንዱ ለስላሳ መጠጥ ይይዛል። ተጋባዦቹ በሰንበቴው አዳራሽ ተቀምጠው ይበላሉ እንጂ በፌስታል ተቋጥሮ በር ላይ አይሰጣቸውም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቁጭ ብሎ እጁን ታጥቦ፣ ጨምርልኝ ማለት ተፈቅዶለት የሚበላ ሰው እንግዳ ነው። አስተናጋጆቹም ለአባቶች አባባ፣ ለእናቶች እማማ እያሉ፣ እንደየዕድሜያቸው እያከበሩ እንዲያስተናግዱ አስቀድሞ ይነገራቸዋል።

የዚህ ግብዣ ዝርዝር ከየት እንደ መጣም መናገር ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አብዛኛው ምእመን የሕማማቱንና የትንሣኤውን ጸሎት በየቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ተከታተለ፤ ፋሲካው ሚያዝያ 11 ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሚገኝ ምጽዋት የዕለት ጉርሱን ያገኝ የነበረ ሰው በዚያ ጊዜ የሚሄድበት አጣ። ከዚህም ሌላ፣ ደጃፍ መጥተው የማያውቁ፣ ቤታቸው ተኝተው በዘመድ እጅ የሚረዱ አረጋውያን ዘመዱ መምጣት ሲያቆም ተቸገሩ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ምን እንደሚያስፈልገው በደብተር መዘገቡ። ምግቡና ሳሙናው በዚያ መዝገብ ተከፋፈለ። ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ መዝገቡ አልተጣለም፤ በየዓመቱ በጸደይ ይታደሳል። ዐይኑ የደከመ፣ አልጋ የያዘ፣ ልጁ ውጭ አገር ያለበት፣ መድኃኒት የሚገዛለት የሌለው ሰው ሁሉ በእርሱ ውስጥ አለ። ከአጥቢያችን ንብረት ሁሉ ይህን ደብተር እጅግ ከከበሩት ዕቃዎች ተርታ አስቀምጠዋለሁ።

መዝገቡን ማደስ ደግሞ የሃምሳው ቀን ሥራ ነው፤ ሰው የሚጎድለውም እዚህ ላይ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ስግደትም የለም፤ ወቅቱ የደስታና የዕረፍት ነው። ከጾሙ ድካም በኋላ ሰው ማረፉን አልነቅፍም። ሠርጉም የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ቤት ድግስ አለ፣ አገልጋዩም ሚዜ ወይም አስተናጋጅ ሆኖ ይሄዳል። ተማሪውም የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ደርሶበታል። ከእነዚህ የበለጠ ግን አጥቢያውን ያሳሳው የሰፈሩ መለወጥ ነው። በአሮጌው ሰፈር ግንብ ለግንብ ተጠጋግተው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች በመልሶ ማልማት ምክንያት ወደ ከተማው ዳርቻ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። ለሕማማት ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ፤ በየሳምንቱ መምጣት ግን የትራንስፖርት ወጪውም ጊዜውም አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ ሰው ከፋሲካ በኋላ የሚጠፋው ሃይማኖቱ ስለ ቀዘቀዘ ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። በአዲሱ ሰፈራቸው ያለው አጥቢያ እንዲያቅፋቸው መርዳት፣ ለቀድሞው አጥቢያቸው ደግሞ በወር አንድ ጊዜ የሚወጡት ቁርጥ ያለ ተራ መስጠት ከወቀሳ ይልቅ ይሠራል።

ይህን በሰንበቴው አይተነዋል። ሰንበቴ አባላቱ በተራ ዳቦና ጠላ፣ ቆሎና ንፍሮ ይዘው መጥተው ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ከካህናቱ፣ ከነዳያንና ከእንግዶች ጋር የሚቀምሱበት የቆየ ሥርዓት ነው። ተረኛዋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስትሆን ጠላ መጥመቅ፣ ድፎ መድፋት የማይታሰብ ሆነ፤ ጋኑ የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ የለም። አንዳንድ ቦታ ሰንበቴው በዚህ ምክንያት እየቀዘቀዘ መጥቷል። የእኛዎቹ ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነው፤ የሰንበቴው ቤት ጓዳ ተጠገነ፣ ጋኑና ምጣዱ እዚያው ተቀመጠ፣ ርቃ የምትኖረው ተረኛ ዐርብ መጥታ ከቅርቦቹ ሁለት አባላት ጋር በጋራ ታዘጋጃለች። ተራው ከአንድ ሰው ወደ ሦስት ሰው ሲሰፋ ወጪውም ቀለለ፣ ቀርተው የነበሩትም ተመለሱ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት እሑዶች የሰንበቴው አዳራሽ መሙላቱ ስለ ቀሪው ሥራ ለመነጋገርም ምቹ ሆኗል፤ የአገልግሎት ተራ የሚደለደለው እዚያው፣ ዳቦው ተቆርሶ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ነው።

ግንቦት 1 የልደታ በዓል ነው። በየሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ዳቦ ይጋግራሉ፤ እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ሥር መወለዷን በማሰብም ከቤት ውጭ፣ ደጅ ላይ ይበላል። ከአጥቢያው የአገልግሎት ጉዳይ ጋር የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ወደ ሰፈሩ የገቡ፣ ተከራይተው የሚኖሩና ማንንም የማያውቁ ሰዎች ከጎረቤት ጋር መጀመሪያ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በዚህ ንፍሮ ነው። የአረጋውያኑን መዝገብ የሚያድሱት ልጆችም ቤት ለቤት መዞር የሚጀምሩት ከልደታ ማግሥት ነው፤ ሰፈሩ በዕለቱ ተገናኝቶ ስለነበር ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ተቸገረ ገና ያልተረሳ ወሬ አለ። ፋሲካ በዘገየበት በ2016 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ውሎ ልደታ በአራተኛው ቀን ደረሰች፤ ያን ዓመት ጰራቅሊጦስ ሰኔ 16 ስለነበር የሃምሳው ቀን ሥራ ወደ ዝናቡ ገባ፣ ቦይ የሚጠርጉትም በጭቃ ውስጥ ነበር የሠሩት። ከዚያ ወዲህ አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ የፋሲካውን ቀን አይቶ የሥራውን መርሐ ግብር ቀድሞ ያወጣል።

የቦዩን ሥራ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እንደ ተራ ጽዳት ያየዋልና። አጥቢያችን ያለችው በተራራ ግርጌ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በቅጽሩ ላይኛ ጎን ይመጣል፤ ቦዩ በአፈርና በፕላስቲክ ከተደፈነ ውኃው ቅጽሩን ዘልቆ የመቃብሩን ስፍራ ይቦረቡራል፣ የግንቡን መሠረትም ይበላል። ስለዚህ በግንቦት ውስጥ ቦዩ ከላይ እስከ ታች በዶማና በአካፋ መጠረግ አለበት። የቆርቆሮው አሸንዳም እንዲሁ፤ በበጋው የወደቀው የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል ካልተለቀመ የክረምቱ ውኃ ወደ ግድግዳው ይመለሳል፣ በግድግዳው ያሉትንም ሥዕሎች ያበላሻል። ለዚህ ሥራ ቢበዛ አራት ቅዳሜ ይበቃል፤ የሚያስፈልገውም ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው። ይህ ሥራ ሳይሠራ ክረምቱ ከገባ በኋላ ግን ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያው ከነዳያኑና ከአብነት ተማሪዎቹ ቀለብ ላይ ነው የሚነሣው።

ችግኙም አለ። በገጠሩ በተለይም በጎንደርና በጎጃም ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴ ጉብታ ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ነው፤ ዙሪያው ታርሶ ባለቀበት አገር ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው የተረፈው በአጥቢያው ጥበቃ ነው። በከተማችን ግን ቅጽሩ በሲሚንቶና በሴራሚክ እየተሸፈነ ዛፉ ቀስ በቀስ ቦታ አጥቷል። እኔ የሴራሚኩን ንጽሕና አልጠላም፤ ነገር ግን በስቅለት ቀን ድንኳን የምንተክለው ጥላ የሚሆን ዛፍ ስለቆረጥን መሆኑን ማስታወስ ይገባል። አሁን በቅጽሩ ምዕራባዊ ጎን የአገር በቀል ዛፎች ቦታ ተለይቷል። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈራል፤ አፈሩ አየር አግኝቶ የመጀመሪያውን ዝናብ ሲጠጣ ችግኙ ይተከላል። ወይራና ጽድ ዝግ ብለው የሚያድጉ በመሆናቸው በሚቀጥሉት ሁለት በጋዎች ውኃ የሚያጠጣ ሰው ካልተመደበ ተተክለው ይደርቃሉ። ሐምሌ ላይ ችግኝ ይዞ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ሞልቷል፤ ጥር ላይ በጀሪካን ውኃ የሚያመላልሰው ነው የሚያስፈልገን። በእኛ አጥቢያ እያንዳንዱ ችግኝ ለአንድ ሕፃንና ለወላጁ በአደራ ይሰጣል፤ ወላጅና ልጅ እሑድ ሲመጡ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዘው ይመጣሉ።

የአስተዳደሩን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አጥቢያዎች የሚተዳደሩበት ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ አገናኝቷል። ይህ አደረጃጀት ለአገልግሎት ትልቅ ጸጋ ነው፤ የሚሠራው ግን ሁሉም ወገን ሥራውን ሲያውቅ ነው። በጎ ፈቃደኛ የሚሸሸው ሥራው ስለ ከበደው አይደለም፤ የለገሰው ነገር የት እንደ ደረሰ ሳይነገረው ሲቀር፣ መጥቶ ሳለ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ሲያጣ ነው። ስለዚህ በትንሣኤው ግብዣ ስንት ኩንታል ጤፍ እንደ መጣና እንዴት እንደ ተከፋፈለ በቀጣዩ እሑድ በዐውደ ምሕረት መነገሩ፣ የቅዳሜው ሥራ መሪና የሚጀመርበት ሰዓት አስቀድሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፉ ቀላል ቢመስልም ሰዉን የሚያቆየው እርሱ ነው። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ይሰጣል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሙያ ያለው ሙያውን እንዲሰጥ አጥብቄ እመክራለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የድምፅ ማጉያውን ገመድ ቢያይ፣ የሒሳብ ባለሙያዋ የሰንበቴውን ደብተር ብታስተካክል፣ ነርሷ በመዝገቡ ያሉትን አረጋውያን የደም ግፊት በየወሩ ብትለካ ለአጥቢያው ከፍተኛ አገልግሎት ነው። የመጨረሻው አሁን በእኛ ዘንድ ተጀምሯል፤ ሁለት የጤና ባለሙያዎች በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከወጣቶቹ ጋር ይዞራሉ።

ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ ሰንበቴውም ወደ ጾም ምግቡ፣ ወጥ ቤቱም ወደ ሽሮና ወደ ምስሩ ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ በአጥቢያችን ያልተጠናቀቁት ሥራዎች ሦስት ናቸው፤ የቦዩ የታችኛው ክፍል፣ የምዕራቡ ጎን ጉድጓዶች፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ቤቶች የመዝገብ እድሳት። ሥራው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ዶማና አካፋ ከዕቃ ቤቱ ይሰጣል፣ ጓንት ያለው ይዞ ቢመጣ ይመረጣል፤ በአምስት ሰዓት ዳቦና ሻይ አለ። ቤት ለቤት ለሚዞረው ቡድን በተለይ መኪና ያለውና መንገዱን የሚያውቅ ጎልማሳ ያስፈልጋል፤ በማዶው ዳገት ላይ ያሉት ሁለት እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ሰው እየጠበቁ ናቸው። መምጣት የሚችል ሰው ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ቤት ገብቶ የተራውን ደብተር የያዘውን ልጅ ይጠይቅ፤ በበሩ በስተግራ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይገኛል።